«ዛሬ ጥፋት አጥፍቻለሁ?» የሚለው ልጅና የሐምሌ ነጎድጓድ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የአምስት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከበላያችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል እዚያው ቤት ውስጥ ሆነን እንኳ አንሰማማም። ማሙሽ እስከ አምና ድረስ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ላይ እየሮጠ ወጥቶ እጁን የሚያስረጥብ ልጅ ነበር።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ማታ ከባድ በረዶ ወረደ፤ መብራትም ጠፋ። ወዲያው ሰማዩ የተሰነጠቀ እስኪመስል ጮኸና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እኔም ደንግጬ ጮህኩ። ከዚያ ማታ ወዲህ ልጄ ሌላ ልጅ ሆኖብኛል። ትንሽ ከጠቆረ መስኮት መስኮቱን ያያል፤ ግቢ ወርዶ መጫወት ትቷል። ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈውን አልጋ ላይ መሽናትም እንደገና ጀመረ። ባለፈው ሰሞን ብርድ ስለነበር ቀይ ሹራቡን አለበስኩት። ሰማዩ ገና ማጉረምረም ሲጀምር ሹራቡን ለማውለቅ ሲታገል አንገቱ ላይ ተያዘበትና ጭንቅላቱ እንደተሸፈነ እሪ አለ። ለካ አያቱ «ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል» ብለውት ኖሯል። እኔም ልጅ ሆኜ ይህንን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ማታ ከመተኛቱ በፊት «እማዬ፣ ዛሬ ጥፋት አጥፍቻለሁ?» ብሎ ይጠይቀኛል። «አላጠፋህም» ስለው ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀኛል።

አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ለልጁ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ግን ሲያስቸግራቸው «ተው፣ እግዜር ይቆጣል፤ ሰማዩን አትሰማም?» ይሉታል። አሁን ደግሞ ጠበል እንውሰደው እያሉ ነው። ባለቤቴ በበኩሉ «ወንድ ልጅ ነው፤ እያሞላቀቅሽ ፈሪ አታድርጊው» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ መልሶ ወስዶ በሩን ዘጋበት። ልጁ አለቀሰ፣ አለቀሰና ዝም አለ። ባለቤቴ «አየሽ፣ ለመደ» አለኝ። ጠዋት ስገባ ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ሥር ተኝቶ አገኘሁት።

አቅፌው ልተኛ ስል ባሌ ይቆጣል፤ ልተወው ስል አንጀቴ አይችልም። አማቴን ብናገር ቤቱ ይረበሻል። መስከረም ደግሞ ትምህርት አለ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ እናት

⁂

ውድ እህቴ፣

ብዙ ነገር ጽፈሽልኛል፤ እኔ ግን ማታ ማታ ከምትመጣው ጥያቄ ልጀምር። ምክንያቱም ልጅሽ የፈራው ምን እንደሆነ ከሁላችንም በተሻለ እየነገረሽ ያለው በእሷ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚሆነውን ሁሉ ከራሱ ጋር ያያይዛል። እናቱ ከታመመች «ስላስቸገርኳት ነው» ይላል። አባቱ ፊቱ ጠቁሮ ከገባ «በእኔ ነው» ይላል። ማንም አላስተማረውም፤ የአምስት ዓመት ልጅ አስተሳሰብ እንዲህ ነው። አሁን የሰማውን ደምሪበት፤ ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል፣ ልጅ ሲያጠፋ እግዜር ይቆጣል፣ ሲቆጣ ደግሞ ሰማዩ ይጮሃል። ልጁ እነዚህን ሁሉ አገጣጥሞ «የማመጣው እኔ ነኝ» የሚል ነገር ላይ ሳይደርስ አልቀረም። እንደዚያ ከሆነ ሹራቡን ሲታገል ያየሽው ቅብጠት አልነበረም። በትንሽ አቅሙ ራሱንም እናንተንም ከመብረቅ ለማዳን እየሞከረ ነበር። ይህን ያህል ሸክም ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

እኔ ከሩቅ ሆኜ ስገምት ልሳሳት ስለምችል እሱን ራሱን ጠይቂው። ሰማዩ ባጠቆረበት ሰዓት ግን አይሁን። ጠዋት፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ እሱ ሲስል ወይም መኪናውን ሲነዳ ጎኑ ቁጭ በዪና «ሰማይ ሲጮህ ምን ሆኖ ነው ብለህ ታስባለህ?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። መልሱ ቢያስቅሽም፣ ቢያሳዝንሽም፣ ቢያስደነግጥሽም መሃል ላይ አታርሚው። ሲጨርስ «እንደዚህ አስበህ ከሆነማ መፍራትህ አይገርምም» በዪው። ልጅ ፍርሃቱ መሰማቱን ሳያይ የምንሰጠውን ማብራሪያ ጆሮው አይቀበለውም።

ከዚያ እውነቱን በአጭሩ ንገሪው። «ነጎድጓዱን አንተ አላመጣኸውም። ልጆች ሲያጠፉም ይጮሃል፣ ጨዋ ሲሆኑም ይጮሃል። ክረምት ስለሆነ ነው።» ስለ ሹራቡም እንዲሁ፤ መብረቅ ቀለም አይመርጥም። የሚያዘወትረው ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመን ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ ዛፍ፣ ምሰሶ፣ የስልክ ማማ። ሹራቡን ግን ዛሬውኑ ልበስ አትበዪው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ እሱ ሲፈልግ ያወጣዋል።

የማታው ጥያቄ ላይ አንድ ነገር እንድትቀይሪ እፈልጋለሁ። «አላጠፋህም» የምትይው ልታሳርፊው ነው፤ ይገባኛል። ግን ልጁ ከዚያ ውስጥ የሚሰማው «ባጠፋ ኖሮ ሰማዩ ይመጣብኝ ነበር» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ደግሞም አንድ ቀን በእርግጥ ያጠፋል፤ ልጅ ነው። ያን ቀን ምን ልትይው ነው? ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች ለያዪለት። «ዛሬ ወተቱን ደፍተሃል፤ አብረን ጠረግነው፤ አለቀ። ዝናቡ ግን የወተቱን ነገር አያውቅም።» ቢደጋግምም አትሰልቺ፣ ድምፅሽንም አትለውጪ። ለጥቂት ማታዎች ይጠይቅ ይሆናል፤ መልሱ ሁሌም አንድ ዓይነት መሆኑን ሲያይ ጥያቄው ራሱ እየሳሳ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዝናቡ ሰዓት እንምጣ። ብዙ ወላጅ ልጁን ሊያጽናና ሲል «ምንም የለም፤ ምንም አይሆንም» ይላል። ልጁ ግን ጆሮ አለው፤ አንድ ነገር እንዳለ ይሰማል። ስለዚህ ያለውን ንገሪው፤ መብረቅ አለ፣ ደጅ ሜዳ ላይ መቆም አደገኛ ነው፣ እኛ ግን ግንብ ቤት ውስጥ ነን፣ ይህ ጥሩ ቦታ ነው። ሰማዩ ገና ሲጠቁር የቴሌቪዥኑን ሶኬት መንቀል፣ መስኮት መዝጋት፣ ነጎድጓዱ ከበረታ ከመስኮትና ከቧንቧ ውሃ ራቅ ማለት። እነዚህ እውነተኛ ጥንቃቄዎች ናቸው፤ ለልጅም የሚሠራው ነገር ይሰጡታል። እጁ ሥራ ሲያገኝ ፍርሃቱ ትንሽ ይቀላል።

መቁጠርም አለ። ብርሃን ከድምፅ እጅግ ስለሚፈጥን ብልጭታው ቀድሞ ይታየናል፤ ድምፁ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ እየተጓዘ ኋላ ይደርሳል። ስለዚህ በብልጭታውና በነጎድጓዱ መሃል ያለ እያንዳንዱ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ኪሎ ሜትር ላይገባው ይችላል፤ መቁጠር ግን ይወዳል። ጭንሽ ላይ አስቀምጪው፤ ፊታችሁ አንድ ሳህን ቆሎ ይኑር። ብልጭ ሲል ቀስ እያላችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ በየቁጥሩ አንድ ሽንብራ ወደ ጎን ያውጣ። ጓ! ሲል አቁሙና ሽንብራዎቹን ተደርድረው ይያቸው። የሚቀጥለውን ከሥሩ ይደርድር። ረድፉ እየረዘመ ሲሄድ ዝናቡ እየራቀ መሆኑን በዐይኑ ያያል። ረድፉ ካጠረም አትደብቂው፤ «እየቀረበ ነው፤ እኛ ቤት ውስጥ ነን፤ ደግሞ ይሄዳል» በዪው። ይህ ቁጥር ለእናንተ ለትልልቆቹም ይጠቅማል። ደጅ ሆናችሁ ከ30 በታች ከቆጠራችሁ ወደ ቤት መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል ቤት መቆየት ይመከራል።

ያን ማታ አንቺም ደንግጠሽ እንደጮህሽ ጽፈሻል። ይህን ስጠይቅሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ አንቺ ራስሽ መብረቅ ትፈሪያለሽ? በልጅነትሽ ሰማይ ሲጮህ ማን ያቅፍሽ ነበር? ልጆች ሰማዩን ከማየታቸው በፊት የእናታቸውን ፊት ያያሉ። ብትፈሪ ምንም አይደለም፤ አትደብቂው። «እኔም ያን ማታ ደንግጬ ነበር። ልቤ ድው ድው አለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተወኝ» ብትይው ትልቅ ሰውም እንደሚደነግጥ፣ ድንጋጤም እንደሚያልፍ ከአንቺ ይማራል።

ስለ መኝታው ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥሽ። በሩ አይዘጋበት። ልጁ ዝም ያለው ስለለመደ አይመስለኝም፤ ጠርቶ የሚመጣለት ሰው እንደሌለ ስላየ ነው። ለምዶ ቢሆን ኖሮ አልጋው ላይ ይገኝ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ክረምቱን በሙሉ በእናንተ መሃል ቢተኛ ክፍሉ የሚያስፈራ ቦታ መሆኑን አመናችሁለት ማለት ነው። እኔ የምመርጠው እናንተ ወደ እሱ እንድትሄዱ ነው። ነጎድጓድ ባለበት ሌሊት አንዳችሁ እሱ ክፍል ግቡ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላችሁ እጁን ያዙ፤ ዝናቡ ሲያልፍ «አለፈ፤ እኔ ክፍሌ ነኝ፤ በሩ ክፍት ነው» ብላችሁ ውጡ። ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ በሩ አጠገብ ራቅ ማለት ይቻላል። የባሰበት ሌሊት መጥቶ በእናንተ ጎን ፍራሽ ላይ ቢያድር ደግሞ ያደረግሽው ሁሉ አይበላሽም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ክፉ አባት ነው ብዬ አላስብም። ልጁ ጠንካራ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ አንቺም ይህንኑ ነው የምትፈልጊው። ሌሊት በር ላይ ቆማችሁ አትከራከሩ፤ ልጁ ይሰማችኋል፤ «የሚጣሉት በእኔ ነው» የሚለውም ይጨመርበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ አንስተሽ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እሱ ጠይቂው። «አንተ ልጅ ሆነህ ምን ትፈራ ነበር? ያኔ ማን አጠገብህ ነበር?» ምናልባት ማንም እንዳልነበረ ይነግርሽ ይሆናል። ቀጥለሽ ሥራ ስጪው። ደመናው ሲጠቁር እየዞሩ ሶኬት የሚነቅሉት፣ ባትሪውን አብርተው የሚፈትሹት፣ ሻማና ክብሪት ያለበትን የሚያዩት አባትና ልጅ ይሁኑ። ቀን ይህን አብረው ከሠሩ፣ ሌሊት «አባዬ፣ ባትሪው የት አለ?» ብሎ የሚጠራው እሱን ይሆናል። አባቱም በዚያ ሰዓት የሚናገረው አያጣም።

አልጋ ላይ ስለመሽናቱ ብዙ አትጨነቂ። ልጅ ሲጨነቅ ትቶት የነበረውን መልሶ መጀመሩ የተለመደ ነው፤ ሆን ብሎ አያደርገውም። አንሶላው ሥር ፕላስቲክ አንጥፊ፤ ሲርስ ያለ ንግግር ቀይሪለት፤ ለጎረቤትም ለዘመድም አይወራበት። ሲሸና የሚያመው፣ የሚያተኩሰው፣ ውሃ ጥሙ የበዛ ወይም ቀንም የሚያመልጠው ከሆነ ግን ነገሩ ከፍርሃት ላይሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይታይ።

አሁን ወደሚያስፈራሽ ነገር፤ ወደ አማትሽ። እሳቸውን ተጠያቂ አድርገሽ ከጀመርሽ በእርግጥም ቤቱ ይረበሻል። ደግሞ ክፉ አስበው አይደለም፤ እሳቸውም እንዲሁ እየተባሉ ነው ያደጉት፤ ስንቶቻችን በ«አያ ጅቦ መጣ» አልነበር የተኛነው? ነገሩን የሚያነሳው ግን ልጃቸው ይሁን፣ አንቺ አትሁኚ። «እማዬ፣ ልጁ ሰማዩ የሚጮኸው በእኔ ጥፋት ነው ብሎ ያምናል፤ ማታ ማታ ያለቅሳል። አንቺን ስለሚያምን አንቺ ንገሪልን» ይበላቸው። የልጅ ልጃቸው ልብ ላይ ያለውን ሸክም ሲሰሙ የሚጨክኑ ሴት አይመስሉኝም።

የሚነግሩትም ነገር እጃቸው ላይ ነው። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር፣ ቡሄ ይመጣል። አባቶች የጅራፉን ጩኸት በታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ ለተሰማው ድምፅ፣ ችቦውን ደግሞ በዚያ ለታየው ብርሃን ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ እንደተጻፈው ደቀ መዛሙርቱ ድምፁን ሲሰሙ እጅግ ፈርተው በግንባራቸው ወደቁ። ጌታ ለምን ፈራችሁ ብሎ አልተቆጣቸውም። መጀመሪያ ቀረባቸው፣ ከዚያ ዳሰሳቸው፣ አትፍሩ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው። አማትሽ ይህንን ታሪክ ማሙሽን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው፣ ሙልሙሉን እያስገመጡ ቢነግሩት እኔ ከምጽፈው ሁሉ ይበልጣል። «እግዜር ይቆጣል» ያለው አፍ «እግዜር የፈራን ሰው ቀርቦ ይዳስሳል» ሲለው ልጁ ያምናል። አንቺ ብትነግሪው ግን በአያቱና በእናቱ መሃል መምረጥ ሊኖርበት ነው።

ጠበሉንም አልከለክልሽም፤ እምነታችሁ ነው። የምለምንሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «አንድ ነገር ይዞሃል» የሚል ቃል ጆሮው እንዳይገባ፤ የፈራ ልጅ ውስጡ ክፉ ነገር ያለ ከመሰለው ሌላ ፍርሃት ጨመርንበት ማለት ነው። በዚህ ብርድ ደግሞ እያለቀሰ በግድ አይጠመቅ። አያቱ ጋር አብሮ ሄዶ፣ አይቶ፣ ቢወድ ቀምሶ ቢመለስስ?

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን፣ ፍርሃቱን በትንሽ በትንሹ እንዲጠጋው አድርጊ። ካፊያ ሲሆን በረንዳ ላይ አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ግቡ። ስልክሽ ላይ የነጎድጓድ ድምፅ ፈልገሽ ድምፁን ዝቅ አድርጊና ስልኩን ለእሱ ስጪው፤ የሚያስጮኸውም የሚያጠፋውም እሱ ይሁን። ዝናብ ሲያባራ ቦት ጫማውን አድርጎ ግቢ ውስጥ ኩሬ ይርገጥ። አልፈልግም ካለ ያን ቀን ይቅር፤ በማግስቱ ደግሞ ሞክሩ። እየጎተቱ ማውጣትም፣ ክረምቱን ሙሉ ቤት መደበቅም ፍርሃቱን ያከርመዋል።

ለቡሄም አባቱ ትንሽ ጅራፍ ይግመድለት። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ በላይ ስለሚፈጥን ነው፤ ነጎድጓድም ከመብረቁ ግለት የተነሳ አየሩ በድንገት ሲፈነዳ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሁለቱም አየሩ ላይ ነው የሚጮሁት። ማሙሽ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ሰው ፊት የሌለበት፣ አባቱ ከኋላው ቆሞ ክንዱን እያገዘው አንዴ ጯ! ማድረግ ቢችል፣ ያን ያህል ያስፈራውን ዓይነት ድምፅ በገዛ እጁ አወጣ ማለት ነው። መጀመሪያ ጆሮውን ይዞ ከሩቅ ማየት ከፈለገም ይይ። ዐይን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ፍርሃቱ ባይቀንስ፣ ምግብ ቢተው፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከቤት አልወጣም ቢል፣ ወይም መስከረም ትምህርት ሲጀመር ከአንቺ መለየት ቢያቅተው አትጠብቂ፤ የሕፃናት ሐኪም አማክሪ። ሐኪሙ ካስፈለገ ልጆች ላይ ወደሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይመራችኋል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፍርሃት ብዙ ልጆች ላይ ይታያል፤ አብዛኞቹም ሰው አጠገባቸው ካለ ያልፋቸዋል።

ለዚህ ሳምንት ሁሉንም አትጀምሪ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ያቺን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ቅዳሜ ባለቤትሽን አነጋግሪ። ማሙሽ ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ቃሉን ሳትቀይሪ ጻፊልኝ፤ የሚቀጥለውን ከእሱ መልስ ተነስተን እናያለን።